የዛንደር ሐረግና ስም አልባዎቹ አናጢዎች

ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ መንገደኛ ግራና ቀኙን የሚያየው የገብስ ማሳ፣ የበግ መንጋና ጉም የዋጠው ገደል ነው። አገሩ በአንድ እይታ የኪነ ሕንፃ አገር አይመስልም። ነገር ግን ይህ የምዕራብ ወሎ ደጋ በመካከለኛው ዘመን «አማራ» እየተባለ ይጠራ የነበረው፣ ነገሥታቱ ድንኳናቸውን የተከሉበት፣ መቃብራቸውንም በታላላቅ አድባራት ውስጥ ያዘጋጁበት ምድር ነው። ዐፄ በእደ ማርያም (1468-1478) አትሮንሰ ማርያምን የመሠረቱት በዚሁ አገር ነው፤ ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴም የቆመው በዚሁ ደጋ ላይ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም በ1531 በጦርነት ተቃጠሉ። የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፋቂህ ራሱ፣ መካነ ሥላሴን ሊያቃጥሉ የመጡት ሰዎች የሕንፃውን ጌጥ ባዩ ጊዜ መደነቃቸውን አልደበቀም። እንግዲህ የሕንፃው ውበት ከአፍራሹ ወገን ብዕር ምስክርነት አግኝቷል ማለት ነው።

ይሁንና መካነ ሥላሴን ማን ሠራው ተብሎ ቢጠየቅ ታሪክ የሚሰጠው መልስ የሁለት ነገሥታት ስም ብቻ ነው። ድንጋዩን የጠረበው፣ ወጋግራውን ያቆመው፣ የጣሪያውን ክብደት በዐይኑ መዝኖ ምሰሶ የት መቆም እንዳለበት የወሰነው ሰው በስም አይታወቅም። ዜና መዋዕሉ አሠሪውን እንጂ ሠሪውን የሚያውቅበት ቋንቋ አልነበረውም። ከዚያ ዘመን የእጅ ባለሙያዎች መካከል ስሙ በአውሮፓም በኢትዮጵያም መጻሕፍት ደምቆ የቀረው አንድ የቬኒስ ሰው ነው፤ ኒኮሎ ብራንካሌዮን። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ኢትዮጵያ በነበረበት ወቅት ይህን ሠዓሊ ለብዙ ዓመታት በአገሩ የኖረ ሽማግሌ ሆኖ አግኝቶታል። ጄምስ ብሩስ እንደሚተርከው፣ ሠዓሊው በአትሮንሰ ማርያም እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ሥሎ ኖሮ «ጌታን እንዴት በግራ?» የሚል ታላቅ ቁጣ ተነሥቶበታል። ነገሩ እየዋለ እያደር የአገሩ ሠዓሊዎች ራሳቸው በግራ ክንድ መሣሉን እንደ ወግ ያዙት። ይህን ወግ አጣጥመው የራሳቸው ያደረጉት የአገሩ ሠዓሊዎች ግን፣ በክርክሩ ትረካ ውስጥ አንዳቸውም በስም አይጠሩም።

የባዕዱ ስም ሲቀር የአገሬው ስም የሚጠፋበት ይህ ልማድ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከዚያው ደጋ ብዙም ሳይርቅ፣ በመቅደላ አምባ ላይ እንደገና ታየ። በዚህኛው ጊዜ ስሙ የቀረው ሰው ጀርመናዊው ሠዓሊና አርክቴክት ኤድዋርድ ዛንደር ነው። የዛንደር ጉዳይ ከብራንካሌዮን የሚለይበት ነገር አለ፤ ዛንደር በኢትዮጵያ ምድር ሥራ ብቻ ሳይሆን ዘርም ተክሏል። የዚህ ዘር ታሪክ እስከ ሎንዶን የቲያትር መድረክና እስከ ቅዱስ ጴጥሮስቡርግ የሥነ ጥበብ ሊቃውንት ቤት ድረስ የሚሄድ በመሆኑ የጋዜጠኞችን ቀልብ ሲስብ ኖሯል። የሥነ ጥበብ ሂስ ግን ከዚህ ትረካ ጋር እስካሁን በወጉ አልተገናኘም።

ዛንደር የተወለደው በ1813 በአንሃልት፣ ያኔ ከነበሩት ትንንሽ የጀርመን መሳፍንት ግዛቶች በአንዷ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1847 ሲሆን፣ ከእርሱ አሥር ዓመት ቀድሞ የገባው የእፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ባለሟል ሆኖ ጠበቀው። ሁለቱ በውቤ አገልግሎት ስማቸው የተነሣበት ትልቁ ሥራ በሰሜን ተራሮች፣ ዛሬ መካነ ብርሃን በምትባለው ከተማ አጠገብ ያለው የደረስጌ ማርያም ሕንፃ ነው። ውቤ ይህን ደብር ያሠራው የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ሊጭንበት አስቦ እንደነበር ይነገራል። ዘውዱን የጫነበት ግን ሌላ ሰው ሆነ። በየካቲት 1855 በደረስጌ ጦርነት ውቤ ድል ከሆነ በኋላ ደጃዝማች ካሣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። የሕንፃው ዕጣ በዚህ ረገድ ምፀት የሞላበት ነው፤ አንዱ መስፍን ለራሱ ክብር ያነጸው ቤት የመሳፍንቱ ዘመን ማክተሚያ ሆነ።

ብዙዎቹ የውጭ ጸሐፊዎች ደረስጌን ሲያነሡ «ጀርመኖቹ የሠሩት ቤተ ክርስቲያን» ብለው ያልፋሉ። ይህ አባባል ሊመረመር ይገባዋል። ደረስጌ ማርያም ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ እንደ ሦስት ቀለበት አንዱ በሌላው ውስጥ ተከብበው የተቀመጡባት፣ የመቅደሷ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ፣ በደገኛው አገር በሺህ የሚቆጠሩ አብያተ ክርስቲያናት የሚጋሩትን ሥርዓት የተከተለች ናት። ይህን ሥርዓት ያመጣው ዛንደር አይደለም፤ ሺምፐርም አይደለም። ከአንሃልት የመጣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያየው ረጅምና አራት ማዕዘን፣ መንበሩ በምሥራቅ ጫፍ ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። መቅደሱን በመካከል አድርጎ ምእመናኑን በዙሪያው የሚያቆም፣ ከበሮና ጽናጽል የያዙት መዘምራን በሚዞሩበት ስፋት የተለካ ቤት በአእምሮው ሊኖር አይችልም። የክቡ ቤት ልክ ከወረብ የተወሰደ ልክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የማኅሌቱን ሥርዓት የማያውቅ ሰው ስፋቱን ሊወስን አይችልም።

ታዲያ የዛንደር ድርሻ ምንድን ነው? ድርሻ የለውም ማለት ሌላ ስሕተት ይሆናል። በግንብ ሥራ፣ በቅጥሩና በመግቢያው አሠራር፣ በመጠንና በማዕዘን ጥንቃቄ የሠለጠነ ሰው ዐይን መኖሩ የሚታመን ነው። ይሁን እንጂ አንድ አርክቴክት በሥራው ታላቅነቱ የሚለካው ባመጣው ነገር ብዛት ብቻ አይደለም፤ ባልነካው ነገርም ይለካል። ዛንደር በደረስጌ የሚመሰገነው ምናልባት በዚህ ነው። የአገሩን ቤት የአውሮፓ ቤት ሊያደርገው አልሞከረም። በኋላ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ብዙ የሕንፃ ባለሙያዎች፣ በሃያኛው መቶ ዓመት በታላላቅ ከተሞች እንደታየው፣ ይህን ትሕትና አላሳዩም። «የዛንደር ሥራ» የሚለውን ስያሜ ትቶ «ዛንደር የተሳተፈበት የሰሜን ግንበኞችና አናጢዎች ሥራ» ማለት ለእውነቱ የቀረበ ነው። ቃሉ ረዘመ ተብሎ እውነት አይታጠፍም።

ስለ ሥዕሎቹ ሲነገር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዛንደር ንድፎች በሰፊው የአውሮፓ አንባቢ ዘንድ የታወቁት ሪካርድ አንድሬ በ1869 በላይፕሲክ ባሳተመው የአቢሲንያ መጽሐፍ አማካይነት ነው። ያ መጽሐፍ ሲወጣ ሠዓሊው ሞቷል። በመጽሐፉ የሚታየው ደግሞ የዛንደር እርሳስ ሳይሆን የእንጨት ቀራጩ መርፌ ነው። በዚያ ዘመን አንድ ንድፍ መጽሐፍ ላይ እንዲወጣ ቀራጭ በጠንካራ እንጨት ላይ መሥመር በመሥመር ይፈለፍለው ነበር። ጥላውን በትይዩ መሥመሮች ይሞላዋል፤ ፊቱን ባየው የፊት ልማድ ያስተካክለዋል፤ አፍንጫው ይቀጥናል፤ ጸጉሩ ይለዝባል። ኢትዮጵያን አይቶ የማያውቅ የላይፕሲክ የእጅ ባለሙያ የሰሜንን ገበሬ በራሱ አገር ገበሬ ቁመና ቢያቆመው አያስደንቅም። ስለዚህ ከእነዚህ ኅትመቶች ተነሥቶ «ዛንደር ኢትዮጵያዊውን እንዲህ አየው» ብሎ መፍረድ በሦስተኛ እጅ ማስረጃ መፍረድ ነው። ሊታመን የሚችለው የአለባበስ፣ የጦር መሣሪያ፣ የቤትና የዕቃ ዝርዝር ነው። በዚህ በኩል ዛንደር ከአብዛኞቹ መንገደኞች ይበልጣል፤ እነርሱ ሲያልፉ ያዩትን እርሱ ሃያ ዓመት ኖሮበታል። ሃያ ዓመት የኖረ ሰው እንግዳ ነገር ፍለጋ አይሥልም፤ የጎረቤቱን ቤት ነው የሚሥለው።

ከ1855 በኋላ ዛንደር ጌታው ሲወድቅ አብሮ አልወደቀም፤ ወደ ቴዎድሮስ አገልግሎት ተሻገረ። ንጉሡ ለእጅ ሥራ የነበረው ፍቅር የታወቀ ነው። ቀጥቃጭን «ቡዳ»፣ ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ»፣ ፋቂን በሌላ ስም እየሰደበ በኖረ ፊውዳላዊ ኅብረተሰብ ውስጥ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ድንጋይ እየፈነቀለ መንገድ ሲሠራ መታየቱ ከየትኛውም አዋጅ የበለጠ ትምህርት ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሰፈሩት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች፣ ቴዎፍሎስ ቫልድማየር፣ ካርል ዛልሙለር፣ ሞሪትዝ ሐልና ጓደኞቻቸው፣ አብዛኞቹ ለወንጌል መጥተው ለመድፍ ዋሉ። ሐል በክራኮቭ የተወለደ፣ ከአይሁድ ወገን ሆኖ ክርስትናን የተቀበለ የመድፍ አፍሳሽ ነበር። ቫልድማየርና ዛልሙለር የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ የተወለዱ ሴቶች ልጆች አገቡ። ሐል ደግሞ የዛንደርን ልጅ አገባ። የጋፋት ሙያተኞች ማኅበር በእነዚህ ሴቶች በኩል የአገሩ ቤተ ሰብ ሆነ።

የዛንደር ልጅ ካትሪና ትባላለች፤ የአገሯ ስም ወለተ ኢየሱስ ነው። እናቷ እሴተ ወርቅ የምትባል የጎንደር የቤተ መንግሥት ወይዘሮ ናት። በአውሮፓ በታተሙ የዘር ሐረጎች እሴተ ወርቅ የምትቀመጠው በአንድ መሥመር ነው፤ «የጎንደር ወይዘሮ» ተብሎ ያልፋል። ባሏ ግን ሠዓሊ፣ አርክቴክት፣ መሐንዲስና የንጉሥ አማካሪ ይባላል። ሃያ ዓመት በአገሩ የኖረው ሠዓሊ ቋንቋ የለመደው፣ ከደብር አለቃና ከመኳንንት ጋር የተግባባው፣ የቤቱን ወግ ያወቀው በማን በኩል ይመስላል? አንድ ባዕድ የጎንደርን ወግ ያውቅ ዘንድ ከጎንደር ወይዘሮ ቤት የተሻለ ትምህርት ቤት አልነበረም። የሥነ ጥበብ ታሪክ «ተጽዕኖ» የሚለውን ቃል ሲጠቀም ዘወትር ወንድ ከወንድ፣ ሊቅ ከሊቅ የሚቀበለውን ነው የሚያስበው። በአንድ ማዕድ የተቀመጠው ተጽዕኖ በመጽሐፍ አይቆጠርም።

በጥቅምት 1867 ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ትቶ ወደ መቅደላ ሲነሣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል አብሮ ተጓዘ። ጉዞው እስከ መጋቢት 1868 ፈጀ። የጅዳን ገደል መውረድና መውጣት፣ የደላንታን ሜዳ ማቋረጥ፣ በሽሎን መሻገር፣ በመጨረሻም ወደ አምባው መውጣት ነበረበት። መድፉን ማን ሠራው ሲባል የጋፋት ሰዎች ስም ይጠራል፤ ይገባቸዋልም። መድፉን ከበጌምድር ተራሮች ወደ ወሎ አምባ ያደረሰው መንገድስ? ይህ የምሕንድስና ሥራ ነው። ሰባት ቶን በጠፍር ታስሮ ቁልቁል ሲወርድ ወደ ኋላ የሚይዘውን ሰው ብዛት ማስላት፣ የዳገቱን ጠመዝማዛ መቀየስ፣ ዐለቱን መናድ፣ ሁሉም በዕውቀት የሚሠራ ነው። የመድፉ ስም ለተማሪው ሁሉ የታወቀ ነው፤ የመንገዱ ሥራ ግን እንደ ኪነ ሕንፃ ተጠንቶ በትምህርት መጽሐፍ አልገባም።

የእንግሊዝ ጦር በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያ ገጥሞ በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አምባው ላይ ወጣ። ቴዎድሮስ ራሱን ገደለ። ነጻ ከተባሉት አውሮፓውያን መካከል ዛንደር፣ ሺምፐርና የሐል ቤተ ሰብ ነበሩ። ዛንደር የትውልድ አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በዚያው በ1868 ሞተ። በዚያው ዓመት ለሐልና ለወለተ ኢየሱስ ሴት ልጅ ተወለደች፤ ስሟንም ማግዳሌና አሏት። በአውሮፓውያን ጆሮ መቅደላና መግደላዊት አንድ ድምፅ ናቸውና፣ የአምባይቱ ስም በሕፃኗ ስም ውስጥ ተደብቆ ከአገር ወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለው የቤተ ሰቡ ጉዞ ባጭሩ ሊነገር ይችላል። ሐል ከነቤተ ሰቡ በያፋ ተቀመጠ። ከልጆቹ አንዱ ዳዊት ሐል በኋላ ወደ እናቱ አገር ተመልሶ የኢትዮጵያ መንግሥት አማካሪ ሆነ፤ በ1935 የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ሲያንዣብብ ለጦር መሣሪያ ግዥ ወደ በርሊን የተላከውም እርሱ ነበር። የመድፍ አፍሳሹ ልጅ መድፍ ፍለጋ ሄደ። ማግዳሌና በያፋ ሆቴል የነበረውን ሩሲያዊ ተወላጅ ፕላቶን ኡስቲኖቭን አገባች። እርሱ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢ ሲሆን፣ ስብስቡ በመጨረሻ ኖርዌይ ገብቶ በኦስሎ ቀረ። ልጃቸው ዮና በ1892 ተወለደ፤ ጋዜጠኛ ሆነ። በ1920ም ናዲያ ቤኑዋ የምትባል ሠዓሊት አገባ። በ1921 በሎንዶን የወለዱት ልጅ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው፤ ተዋናይ፣ ደራሲና አዘጋጅ፣ በ«ስፓርታከስ»ና በ«ቶፕካፒ» ፊልሞች የኦስካር ሽልማት ያገኘው። እርሱም በ2004 አረፈ።

የሂሱ ዋና ጉዳይ የሚገኘው በዚህ ጋብቻ ላይ ነው። ቤኑዋዎች በሩሲያ ሥነ ጥበብ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ በደንብ የተጻፈላቸው ቤተ ሰብ ናቸው ማለት ይቻላል። የናዲያ አያት ኒኮላይ ቤኑዋ አርክቴክት ነበር፤ በፒተርሆፍ ለንጉሠ ነገሥቱ የሠራው ሰፊ የፈረሶች ጋጥና የባቡር ጣቢያው ዛሬም አሉ። የተወለደው በ1813፣ ዛንደር በተወለደበት ዓመት ነው። ዛንደር ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ከውቤ ግንበኞች ጋር በሚውልባቸው ዓመታት ኒኮላይ ለዛሩ ጋጥ በመሥራት ላይ ነበር። የኒኮላይ ልጅ ሌዎን፣ የናዲያ አባት፣ እርሱም ስመ ጥር አርክቴክት ሆነ። የሌዎን ወንድም አሌክሳንደር ደግሞ (1870-1960) ሠዓሊ፣ የመድረክ ንድፍ ባለሙያና የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ነበር። ናዲያም በ1939 በሎንዶን የ«ተኝታ ያለችው ልዕልት» ባሌ መድረክና አልባሳት ነድፋለች።

የቤኑዋዎች የዘር ግንድ በሩሲያ የሚጀምረው ከአብዮቱ ሸሽቶ በ1794 ከፈረንሳይ በመጣ የጣፋጭ ምግብ ሠሪ ነው። ይህ የወጥ ቤት ባለሙያ፣ ሉዊ ዡል ቤኑዋ፣ ስሙ፣ የመጣበት ዓመትና ሙያው በጥንቃቄ ተመዝግቧል። ለምን? ከዘሩ መካከል የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ስለወጣ ነው። አሌክሳንደር የቤተ ሰቡን ትዝታ በመጽሐፍ ጻፈ፤ በ1988ም በፒተርሆፍ የቤኑዋ ቤተ ሰብ ሙዚየም ተከፈተ። እሴተ ወርቅ የጎንደር ወይዘሮ ነበረች። በማዕርግ ከጣፋጭ ሠሪው የምታንስ አልነበረችም። ነገር ግን በእርሷ ወገን በአማርኛ የሚጽፍ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ አልነበረም። ስለዚህ በፒተር ኡስቲኖቭ የሕይወት ታሪክ የኢትዮጵያ ደም የሚነሣው እንደ ቅመም ነው፤ ሩሲያዊ፣ ጀርመናዊ፣ ፈረንሳዊ፣ ኢጣልያዊ ተብሎ ተቆጥሮ መጨረሻ ላይ ለማጣፈጫ «ኢትዮጵያዊም አለበት» ይባላል። ይህ አቆጣጠር የሚያስደስታቸው የእኛ ጋዜጦችም አልጠፉም። «የታላቁ ተዋናይ ቅድመ አያት ኢትዮጵያዊት ናት» በሚል ርእስ መመካት ቀላል ነው፤ የሚያስመካው ነገር ምን እንደሆነ መመርመር ግን ሌላ ሥራ ነው። አንድ ሰው ኦስካር ስላገኘ አያቱ ትከበራለች ከተባለ፣ ያላገኙት ሰዎች አያቶች ምን ሊሆኑ ነው?

«እኛስ የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ለምን አልነበረንም?» ብሎ ራስን መውቀስም ሙሉ መልስ አይሆንም። የሚጻፍበት መዝገብ ራሱ ከአምባው ላይ ተነሥቷል። ቴዎድሮስ በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራት የሰበሰበው የብራና ክምችት ነበር። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪካርድ ሆልምስ (1835-1911) በደላንታ ሜዳ ላይ በሚያዝያ 1868 በተደረገው ጨረታ ለሙዚየሙ በሚገባ ገዛ። ጭነቱን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 በቅሎ ማስፈለጉ በጊዜው ተጽፏል። ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ሎንዶን ገቡ፤ ዊልያም ራይትም በ1877 ባሳተመው ካታሎግ አንድ በአንድ ዘረዘራቸው። በእነዚህ ብራናዎች ጫፍና ሕዳግ የተጻፈው ምን እንደሆነ መምህራን ያውቁታል፤ የጸሐፊ ስም፣ የአጻፊ ስም፣ የደብር ሀብት ቍጥር፣ የርስት ስጦታ፣ የአገልጋዮች መደብ። የአገራችን የእጅ ባለሙያ በስሙ የሚገኝበት ቦታ ቢኖር ዋነኛው ይህ ሕዳግ ነው። ፍሬ ጽዮን የተባለው የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሠዓሊ ዛሬ በስሙ የሚታወቀው በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕሉ ላይ ስሙ ተጽፎ በመገኘቱ ነው። አንድ ጽሑፍ አንድን ሰው ከነሥራው ከሞት አስነሣ። ሦስት መቶ ኀምሳ መጻሕፍት ሲወጡ ስንት ስም አብሮ እንደወጣ አንባቢ ይገምት።

የሆልምስ ራሱ ጉዳይ ከዚህ የባሰ ነው። ለሙዚየሙ ከገዛው ሌላ፣ በቴዎድሮስ አልጋ ራስጌ ተሰቅሎ የነበረውን ኵርዐተ ርእሱን ለራሱ አስቀረ። ይህ የእሾህ አክሊል የደፋ ክርስቶስ ሥዕል በ1500ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአውሮፓዊ እጅ የተሣለ ቢሆንም፣ ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ሲወጡ ይዘውት ይዘምቱ የነበረ፣ በ1744 በስናር ጦርነት ተማርኮ በቤዛ የተመለሰ፣ በሕዝብ ዘንድ የአገር ልብ ተደርጎ የሚታይ ነበር። ሆልምስ በ1870 የዊንድሰር ቤተ መንግሥት የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ሆነ። ሥዕሉን እስከ 1905 ድረስ ሸሽጎ ቆይቶ በዚያ ዓመት በቡርሊንግተን መጽሔት ላይ ፎቶግራፉ ታተመ። ከሞተ በኋላ በ1917 በጨረታ ተሸጠ፤ በ1950 እንደገና ተሸጠ፤ በ1998ም በፖርቱጋል በግለሰብ እጅ እንዳለ ተገለጠ። ጌጠኛና የተማረ ሰው፣ የሥነ ጥበብን ዋጋ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ይህን አደረገ። ወታደር ቢዘርፍ አለማወቁ ነው ይባላል፤ ሆልምስ ግን የዘረፈው ስላወቀ ነው።

በዚሁ ዘመን ሌዎን ቤኑዋ በቤቱ አንድ የእመቤታችን ሥዕል ነበረው፤ ከሚስቱ ወገን በውርስ የመጣ። በ1909 በቅዱስ ጴጥሮስቡርግ ለሕዝብ ሲታይ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥራ መሆኑ ታወቀ፤ በ1914 ኤርሚታዥ ሙዚየም ገዛው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ «የቤኑዋ ማዶና» ተብሎ በቤተ ሰቡ ስም ይጠራል። ያወጣውም፣ የሸጠውም፣ የገዛውም፣ ዋጋውም ተመዝግቧል። የቤኑዋን ማዶና ታሪክ ለመጻፍ አንድ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍት መቀመጥ ይበቃል። የኵርዐተ ርእሱን ታሪክ ለመጻፍ ግን ከሌባው ልብ ውስጥ መግባት ያሻል።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ያነበበ ሰው ለዛንደር ምን ዓይነት ቦታ ይሰጠዋል? የጀርመን ጸሐፊዎች እንደሚሉት ኢትዮጵያን የቀረጸ ሊቅ አልነበረም፤ አንዳንድ የአገራችን ጸሐፊዎች እንደሚያልፉትም ከንቱ ጥገኛ አልነበረም። ጥሩ ባለሙያ ነበር። ሌሎች የሠሩትን ሳያፈርስ የሠራ፣ ከአገሩ ሴት የወለደ፣ በመጨረሻ ከልጁና ከአማቹ ጋር በአንድ አምባ ላይ የተገኘ ሰው ነበር። የእርሱ ታሪክ መጻፍ የሚገባው ከደረስጌ ግንበኞች፣ ከእሴተ ወርቅ ቤትና ሴባስቶፖልን ከጎተተው ሕዝብ ጋር አንድ ላይ ነው። ለየብቻ ሲጻፍ ዛንደር ራሱ ያንሳል።

ሥራው ሊጀመር የሚችልበት ቦታም አለ። የመቅደላ ብራናዎች ከብሪቲሽ ሙዚየም ወደ ብሪቲሽ ላይብረሪ ከተዛወሩ ቆይተዋል፤ ብዙዎቹም በዲጂታል ተነሥተዋል። የመቅደላ አምባን ስም የያዘው ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ቅጥር ግቢ አለው፤ በአማራ ሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያምና በዙሪያዋ ያሉ አድባራትም ካህናት ግዕዙን ያነባሉ። ከራይት ካታሎግ ላይ የመድኃኔ ዓለምን መጻሕፍት ለይቶ አውጥቶ፣ በየሕዳጉ ያለውን የሰው ስም በሦስት ዓምድ፣ ጸሐፊ፣ አጻፊ፣ ባለሙያ ብሎ መመዝገብ ለአንድ የምርቃት ጽሑፍ የሚመጥን ሥራ ነው። ከለንደን የተመለሰ ነገር እንደሌለ አይደለም፤ ክብረ ነገሥቱ በዐፄ ዮሐንስ ጥያቄ በ1872 ተመልሷል፤ የቴዎድሮስ ጉንጉን ጸጉርም በ2019 አዲስ አበባ ገብቷል። ስም ለመመለስ ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ሴባስቶፖል አሁንም በአምባው ላይ ተቀምጧል፤ ወደዚያ የሚወጣው መንገድም ከፊሉ ያ ሕዝብ የቀየሰው ነው።